«ምን ይደረግ» ጥያቄ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ነርስ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ገና አልተኛም። ሁለተኛው ሀገር ቤት ሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ሦስተኛዋ ዴንቨር ማስተርሷን የምትማር ልጅ ናት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ እንጀራዬ ከላፕቶፕ ጋር የሆነ ሰው።

ጨዋታችን እንደተለመደው ነበር። ነርሱ ስለ አለቃው አማረረ። ሾፌሩ አፑ ከተሳፋሪው የሚቀበለውንና ለእሱ የሚያካፍለውን እያነጻጸረ ሲነግረን ቡናው ቀዘቀዘበት። ልጅቷ ከተመረቀች በኋላ የሥራ ፈቃዷ ነገር እንዴት እንደሚሆን ስጋቷን አጫወተችን። እኔም በመሥሪያ ቤታችን ሌላ ዙር የሠራተኛ ቅነሳ ይመጣል ተብሎ የሚወራውን ጨመርኩበት። ከዚያ ወደ ሀገር ቤት ወሬ ተሻገርን። እዚያ ከተገባ ደግሞ መውጫው አይታወቅም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ርዕስ ባለቀ ቁጥር አንዳችን ትከሻችንን ነቅነቅ እናደርግና ያቺኑ የለመድናትን እንላለን፦ «ምን ይደረግ!»

ወደ ቤቴ ስነዳ ይህቺ አባባል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ሰዋስዋን ብቻ ብታዩ እኮ ጥያቄ ናት። ምን ይደረግ? ማን ያድርገው? መቼ? ከየት ይጀመር? እኛ ግን እንደ ጥያቄ ብለናት አናውቅም። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንደ አራት ነጥብ ነው የምናስቀምጣት። ወሬው አለቀ፣ ሒሳብ ይምጣ፣ እንሂድ ማለት ነው።

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚህች የጥያቄ ምልክት ነው። እሷን መልሼ እንዳገኝ የረዳኝ ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የነበረ፣ በባርነት የተወለደ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ መምህር ነው። ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ የዚህን ሰው ትምህርት ካወቅሁት በኋላም ለረጅም ጊዜ የተጠቀምኩበት በተቃራኒው ነበር።

የባሪያው መስመር

ሰውየው ኤፒክቴተስ ይባላል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሂየራፖሊስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሮም ውስጥ የኔሮን ቤተ መንግሥት ያገለገለ የአንድ ሰው ባሪያ ነበር። በባርነት ላይ እያለ የስቶይክ ፍልስፍናን ተማረ፤ በኋላ ነፃ ወጣና ራሱ ማስተማር ጀመረ። ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር እሱም ተሰደደ፤ ኒኮፖሊስ በምትባል የግሪክ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ባሪያም ስደተኛም ነበር። ራሱ የጻፈው ነገር የለም። አሪያን የሚባል ተማሪው ነው ትምህርቱን በጽሑፍ ያቆየልን።

የትምህርቱ መነሻ አንድ መስመር ነው። ነገሮችን ሁሉ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በአንድ ወገን በእጃችን ያሉ አሉ፦ ስለ ነገሮች የምንሰጠው ፍርድ፣ የምንፈልገውና የምንሸሸው፣ ለማድረግ የምንነሣሣበት ነገር። በሌላው ወገን በእጃችን የሌሉ አሉ፦ አካላችን፣ ሀብታችን፣ ሰው ስለ እኛ የሚያወራው፣ ሹመት። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያማርር ይኖራል። የለየ ሰው ግን ሥራውን ያውቃል።

ከእሱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛው ማርቆስ አውሬሊዮስ ይህንኑ ትምህርት ይዞ ነው ጦርነትና ወረርሽኝ ባልተለየው ዘመን የገዛው። አንድ ሐሳብ ለባሪያም ለንጉሥም ከሠራ ለነርስ፣ ለሾፌርና ለኮምፒውተር ሠራተኛም ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

እኔ ግን ከኤፒክቴተስ ጋር የተዋወቅሁት በመጽሐፍ አልነበረም፤ በስልኬ ነበር። የእብነ በረድ ሐውልት ፊት፣ ጎርናና ድምፅ፣ ከበስተኋላ ከበሮ። «በቁጥጥርህ ሥር ያልሆነውን እርሳው!» ይላል። ደስ አለኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ፍልስፍና ማለት በነፃ የተሰጠ የሕክምና ፈቃድ ማለት ነው። የማይመቸኝን ሁሉ «ከቁጥጥሬ ውጭ» በምትባል ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ መተኛት ጀመርኩ።

በረንዳ ላይ የነበረው ስልክ

አባቴ ደብረ ማርቆስ ነበር የሚኖረው። ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። እስከ 2023 ክረምት ድረስ በቴሌግራም በቪዲዮ እንገናኝ ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የቪዲዮው ነገር በዚያው አበቃ።

አውሮራ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አባትህ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። መልሴ የታወቀ ነበር፦ «ኧረ ኔትወርክ የለም፤ ምን ይደረግ!» ሰውም ከንፈሩን ይመጥልኛል። ውሸት አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ በእርግጥ አልነበረም። ጦርነቱን ያስነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ ኔትወርኩን የዘጋሁትም እኔ አይደለሁም። በኤፒክቴተስ መስመር ብትለኩት ከእኔ ወዲያ ማዶ ያለ ነገር ነው።

ነገር ግን መደበኛው ስልክ አልፎ አልፎ ይሠራ ነበር። አሥር ጊዜ ሞክረህ በአሥራ አንደኛው ይገባል። ካርድ መግዛት፣ ሰዓቱን አስልቶ ሌሊት መነሣት፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለውን ድምፅ ደጋግሞ መስማት ይጠይቃል። እኔ በአምስት ወር ውስጥ የደወልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በእነዚያው አምስት ወራት ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ በስልኬ ያየሁትን ቪዲዮ ብትደምሩት ሰዓቱ የትና የት ነው። አስተያየት ሰጥቻለሁ፣ ተከራክሬአለሁ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰድቤአለሁ። ለአባቴ ግን «ኔትወርክ የለም»።

2024 ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። በውጭ ሀገር ያለ ሐበሻ ሳይደወል በማለዳ በሩ ከተንኳኳ ምን እንደሆነ ያውቃል። አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች። ቁጭ በል አሉኝ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሰው በበረዶ እየነዳ መጣ፤ ምግብ መጣ፤ እኛ በዚህ እንኳ አንታማም። የሚያጽናናኝ ሁሉ ግን አንድ ነገር ነበር የሚለኝ። «መንገዱ ዝግ፣ ኔትወርኩ ዝግ፤ አንተ ምን ታደርግ ነበር?» አንገቴን ደፍቼ «እውነት ነው» እል ነበር። ማጽናኛውን የምቀበለው ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነበር።

በአርባው ገደማ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ስለ አባታችን የመጨረሻ ወራት እያወራች ድንገት አመለጣት። «አባባ እኮ እሑድ እሑድ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ውስጥ ኔትወርክ አይገባም ብሎ።»

ከዚያ ወዲህ የኤፒክቴተስን መስመር በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ከመስመሩ ወዲህ የቀረው

ያኔ ነው ቪዲዮውን ትቼ መጽሐፉን የከፈትኩት። የገረመኝ፣ ሰውየው «እርሳው» ብሎ አለማቆሙ ነው። ስለ ድርሻ ብዙ ይናገራል። አንተ ማን ነህ? ልጅ ነህ፣ ወንድም ነህ፣ ጎረቤት ነህ፣ ዜጋ ነህ። እያንዳንዱ ስም የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣል። አባትህ ጥሩ አባት መሆን አለመሆኑ እንኳ ያንተ ጉዳይ አይደለም፤ ያንተ የሆነው ልጅነትህ ነው ይላል ትምህርቱ። ወንድምህ ቢበድልህ የእሱ ነገር የእሱ ነው፤ አንተ ወንድምነትህን ጠብቅ።

ይህንን በእኔ ጉዳይ ላይ አስቀምጡት። ጦርነቱ የእኔ አይደለም። ኔትወርኩ የእኔ አይደለም። የአባቴ ዕድሜም የእኔ አይደለም። ልጅነቴ ግን የእኔ ነበር፤ ያንን ማንም አልዘጋብኝም። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ከእኔ ወገን የቀረችው ነገር ትንሽ ናት፦ አንድ የስልክ ካርድ፣ አንድ የእሑድ ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሙከራ። ትንሽ ስለሆነች ነው ሰበብ የሌላት። ዓለምን አስተካክል የተባለ ሰው «አልችልም» ማለት ይችላል። ስልክ ደውል የተባለ ሰው ምን ይላል?

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የእኔ ያልሆነውን መለየት መገላገያ አይደለም። የእኔ የሆነው ሳይቀነስ ሳይጨመር እጄ ላይ እንዲቆጠር ነው። መስመሩን አስምሮ ወደ ማዶ ብቻ የሚያይ ሰው ስቶይክ አይደለም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለውን በግሪክኛ ያደረገው ብቻ ነው።

ወቀሳ ሌላ፣ ኃላፊነት ሌላ

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ላምጣ። በሶፍትዌር ሥራ ላይ ተረኛ ሆነን ሌሊት የምንጠብቅበት ጊዜ አለ። ሲስተሙ ከወደቀ ስልካችን ይጮኻል፤ ተነሥተን እናስነሣዋለን። በማግስቱ ቁጭ ብለን የሆነውን በዝርዝር እንጽፋለን። ፖስት ሞርተም እንለዋለን። በደንብ የሚሠሩ ቡድኖች አንድ ደንብ አላቸው፦ ጽሑፉ ላይ ሰው አይወቀስም። «እገሌ ስለተሳሳተ» አይባልም። የሚጠየቀው ምን ሆነ፣ እንዴት ሊሆን ቻለ፣ ዳግም እንዳይሆን ማን ምን ይሠራል የሚለው ነው። በመጨረሻ ላይ የሥራ ዝርዝር አለ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የአንድ ሰው ስም አለ።

የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ሲስተሙን የሚጥለው እኛ ያልሠራነው ነገር ነው። ሰርቨሩን የምንከራይበት ኩባንያ ይወድቃል፤ እኛም አብረን እንወድቃለን። ታዲያ ፖስት ሞርተሙ ላይ «የእነሱ ጥፋት ነው» ብለን ፈርመን እንሄዳለን? አንሄድም። እነሱ መውደቃቸው የእነሱ ነው። እኛ ባክአፕ አለማዘጋጀታችን ግን የእኛ ነው፤ ለደንበኞቻችን ሳንነግር ሁለት ሰዓት መቆየታችንም የእኛ ነው። ጥፋት ከየትም ይምጣ፤ ቀጥሎ የሚሠራ ሥራ ግን ስም ይፈልጋል።

ኤፒክቴተስም ወደዚህ የሚጠጋ ነገር አስተምሯል። ያልተማረ ሰው በደረሰበት ነገር ሌሎችን ይወቅሳል። መማር የጀመረ ራሱን ይወቅሳል። ተምሮ የጨረሰ ግን ሌላውንም ራሱንም አይወቅስም ይላል። እኔ ከእህቴ ስልክ በኋላ ለወራት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ነበር፤ ራሴን ስደበድብ። ራስን መደብደብ ኃላፊነት መውሰድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ማታ ማታ በጸጸት ስገላበጥ ለማን ምን ሠራሁ? ለማንም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው የተባለው፤ እሾህ ላይ ተቀምጦ ለሚያለቅስ አልተባለም።

ከዚህ ያወጡኝ አንድ አባት ናቸው። ለለቅሶው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ዴንቨር ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የበረንዳውን ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። «አይዞህ ልጄ» አላሉኝም፤ «ጥፋተኛ ነህ»ም አላሉኝ። «እናትህ አሉ?» አሉኝ። አሉ አልኳቸው። «ስልክ አላቸው?» አላቸው አልኳቸው። «እንግዲህ ምን ይደረግ?» አሉኝ፤ ቀና ብለው እያዩኝ፣ መልስ እየጠበቁ። ያቺን አባባል ከነጥያቄ ምልክቷ ስሰማት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ግፍስ ሲኖር?

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምታነሡት ተቃውሞ ይታየኛል፤ ተገቢም ነው። «እሺ፣ ስልክ መደወል ይሁን። ግን የተበደለ ሰውስ? ዲግሪው ያልታወቀለት ሐኪም፣ አፑ የሚዘርፈው ሾፌር፣ በስሙና በአነጋገሩ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጣል ልጅ፤ ለእነዚህ ‹ኃላፊነት ውሰዱ› ማለት በደለኛውን ነፃ ማውጣት አይሆንም?»

ይሆናል፤ አባባሉ በሌላ ሰው ላይ ከተነገረ ይሆናል። እኔ የተረዳሁት የስቶይኮች ትምህርት ሁልጊዜ በመጀመሪያ መደብ የሚነገር ነው፦ «እኔ ምን ላድርግ?» «አንተ ለራስህ ኃላፊነት ውሰድ» ብሎ በሰው ላይ ጣት መቀሰር ሌላ ነገር ነው። ቀድመው የመጡ አንዳንድ ሰዎቻችን አዲስ በመጣው ላይ «ሰነፍ ነው፤ እኛ እንዲህ አልነበርንም» ሲሉ ስሰማ ያሳፍረኛል። ፍልስፍና መስታወት ነው፤ በራስህ ፊት እንጂ በጎረቤትህ ፊት አይያዝም።

በደልን በተመለከተ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ እነዚያ አባት የነገሩኝን ላምጣ፤ ታሪኩ የዴንቨር የራሷ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት እዚህ ታክሲ የሚነዳ ስደተኛ ለታክሲ ኩባንያው በየሳምንቱ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ሠራም አልሠራም። ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ስለዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ «ምን ይደረግ» ተብሎ ይሆን? አንድ ቀን ግን ጥያቄ ሆነች። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ፤ ከኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 7777 ጋር ተባበሩ። የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመመሥረት ለኮሎራዶ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን አመለከቱ። ዩኒየን ታክሲ በ2009 ሥራ ጀመረ። መኪናውን የሚነዳው ሰው የድርጅቱም ባለቤት ሆነ። ከዓመታት በኋላ በዚሁ መንገድ 800 ገደማ ሾፌሮችን የያዘው ግሪን ታክሲ ተከተለ።

እነዚህ ሰዎች ኤፒክቴተስን አንብበው ላይሆን ይችላል። ያደረጉት ግን እሱ ያስተማረውን ነው። የኩባንያው ስግብግብነት በእጃቸው አልነበረም፤ ሕጉም በእጃቸው አልነበረም። መሰብሰብ፣ ማመልከት፣ መመስከር፣ መዋጮ ማውጣት ግን በእጃቸው ነበር። በደልን ዝም ብሎ መቀበል ስቶይክነት አይደለም። በደሉን የሠራው ሌላ ነው፤ የምሰጠው መልስ ግን የእኔ ነው ማለት እንጂ።

ታሪኩ በድል አለቀ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ኡበር በ2012 ዴንቨር ገባ። በ2014 ኮሎራዶ እነዚህን ኩባንያዎች ሕጋዊ ያደረገ ሕግ ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። የታክሲ ገበያ ተናጋ። ሾፌሮቹ ምንም ያላጠፉት ነገር መጥቶ የገነቡትን ናጠው። ታዲያ ልፋታቸው ከንቱ ነበር?

ስቶይኮች ለዚህ የቀስተኛ ምሳሌ አላቸው። ጥሩ ቀስተኛ ይለማመዳል፣ ደጋኑን ይመርጣል፣ አተኩሮ ያነጣጥራል። ቀስቱ ከወጣ በኋላ ግን ነፋስ ሊመጣ፣ ኢላማውም ሊንቀሳቀስ ይችላል። የቀስተኛው ሥራ በደንብ መወርወር ነው፤ መምታቱ ከእሱ በላይ ነው። ስለሆነም ያልመታ ሁሉ መጥፎ ቀስተኛ አይደለም። ጨርሶ ያልወረወረ ግን ቀስተኛ አይደለም። በ2024 ደግሞ የአሁኖቹ የአፕ ሾፌሮች በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተሟግተው፣ ኩባንያዎቹ ተሳፋሪው የከፈለውንና ሾፌሩ ያገኘውን እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ቡና የቀዘቀዘበት ወዳጄ ያን ልዩነት ማወቁ በራሱ ሌሎች ወንበር ስበው «ምን ይደረግ?» ስላሉ ነው። ይህን ስነግረው ቅዳሜ ዕለት ዝም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ «ስብሰባቸው መቼ ነው?» አለኝ።

«ለመስቀል እገባለሁ»

ሌላው የእኛ በሽታ ቀጠሮ ነው። ስንቶቻችን ነን «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለን አሥራ ሁለተኛውን የያዝነው? «ነገሩ ሲረጋጋ»፣ «ግሪን ካርዱ ሲመጣ»፣ «ለመስቀል»። እስከዚያ ድረስ ሶፋ አንገዛም፣ ጎረቤት አንተዋወቅም፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አንፈተንም። ምክንያቱም እዚህ አንኖርማ!

ጄምስ ስቶክዴል የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። በስታንፎርድ ሲማር አንድ የፍልስፍና መምህሩ የኤፒክቴተስን ትንሽ መጽሐፍ ሰጠው። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1965 አውሮፕላኑ በሰሜን ቬትናም ላይ ተመትታ ወደቀች። ከሰባት ዓመት በላይ ታሰረ፤ ተሰቃየ፤ እግሩ ተሰበረና እንደ መምህሩ አንካሳ ሆነ። በ1973 ተፈታ። በኋላ ሲጠየቅ፣ እስሩን ሳይቋቋሙ የቀሩት «ለገና እንፈታለን» የሚሉት ተስፈኞች ነበሩ ብሏል። ገና ያልፋል፤ ፋሲካ ይላሉ፤ ፋሲካም ያልፋል፤ በመጨረሻ ልባቸው ይሰበራል። እሱ መውጣቱን አልተጠራጠረም፤ ቀን ግን አልቆረጠም። እስኪወጣ ድረስ ሥራ ነበረው፦ የእስረኞቹ አለቃ ስለነበር ግድግዳ እያንኳኩ የሚነጋገሩበትን መንገድ ጠብቆ ሰዎቹን ማሰባሰብ።

የእኛ ስደት እስር ቤት አይደለም፤ ማመሳሰሉ ነውር ነው። ግን የቀጠሮው ነገር አንድ ነው። ወደ ሀገር መግባትን ተስፋ አድርጉ፤ እኔም አደርጋለሁ። እስከዚያ ግን የዛሬው ሥራ የዛሬ ነው። ልጅህ አማርኛ የሚማረው ዛሬ ነው። ፈተናው የሚጠናው ዛሬ ነው። ሀገር ሲረጋጋ የሚጀመር ሕይወት የለም።

የዓረብኛው፣ የግእዙ፣ የእኛው

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ በአርባ ቀን ዕድል የምናምን ሰዎች ነን» የሚለኝ ሰው አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የግሪኮቹ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል የሚባሉ ሰው ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ አለን፤ የግሪክ ጠቢባን ምክር ተሰብስቦበታል። ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ይህንንና ሌሎች የግእዝ የፍልስፍና ጽሑፎችን በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ገዳማት ውስጥ የተነበበ ነገር ነው፤ ትናንት በቲክቶክ የመጣ አይደለም።

ስለ አርባ ቀን ዕድልም ቢሆን፣ ስቶይኮች ራሳቸው በዕጣ ፈንታ ያምኑ ነበር። ልዩነቱ ዕጣ ፈንታን የሚያዩት ካርታ ተጫዋች የደረሰውን ካርታ እንደሚያይ ነው። ካርታው ተሰጥቶሃል፤ መጫወቱ ግን ያንተ ነው። አማኝ የሆነ ሰውም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ እርሻውን ሳያርስ አይቀመጥም። አርሶ ነው ዝናቡን ለፈጣሪ የሚተወው።

ማታ ማታ

ጽሑፌን ከመጨረሴ በፊት የሚያዝ ነገር ልስጣችሁ። የሮሙ ሴኔካ መብራት ከጠፋ፣ ሚስቱም ዝም ካለች በኋላ ቀኑን መለስ ብሎ ይመረምር እንደነበር ጽፏል። ከራሱ ምንም አይደብቅም፤ ግን አይፈራም፤ ራሱን ይቅር ብሎ ሁለተኛ እንዳይደግመው ያስጠነቅቃል። እኔም ከሙያዬ ጋር አዳቅዬ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንደኛ፦ ዛሬ ያስከፋኝ ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፦ ከዚህ ውስጥ የእኔ ያልሆነው የቱ ነው? ሦስተኛ፦ የቀረው የእኔ ክፍል የቱ ነው፣ ነገ በስንት ሰዓት እሠራዋለሁ? ሦስተኛው መስመር ከሌለ ሁለተኛው ሰበብ ነው። ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት።

ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ከአቅም በላይ የሆነበት ሰው ደግሞ ባለሙያ ጋ ይሂድ። ይህም ኃላፊነት መውሰድ ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የሥነ ልቦና ሕክምና መሥራቾች፣ አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ፣ የሐሳባቸው ሥር ከስቶይኮች እንደሚመዘዝ ራሳቸው ተናግረዋል። «ስቶይክ ነኝ» ብሎ ሕመምን መደበቅ ሌላው የቪዲዮዎቹ ማታለያ ነው።

እኔ አሁን ቅዳሜ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ስልኬን እይዛለሁ። ደብረ ማርቆስ እሑድ ጠዋት ነው። ኢንተርኔቱ ቢመለስም ካርድ አላጣም፤ ባክአፕ ነው። አንዳንድ ቀን በሦስተኛው ይገባል፣ አንዳንድ ቀን አይገባም። ሲገባ እናቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች፤ ስለ ፖለቲካ አናወራም። ሳይገባ ሲቀር ያዝናል ልቤ፤ ግን እንደ ድሮው አያፍርም።

አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ያለፈው እሑድ አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይህ ከመስመሩ ማዶ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሃቫና ላይ ወይ ኮልፋክስ ላይ፣ ወይም እናንተ ባላችሁበት ከተማ ቡና ስትጠጡ፣ አንዱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ምን ይደረግ» ሲል አንድ ነገር ሞክሩ። ዝም አትበሉ፤ ሒሳብም አትጥሩ። መልሱለት።

ቸር እንሰንብት።